ገጽ አምስት

ማተሚያ ቤቱን ሰኞ ጠዋት የከፈተችው የባለቤቱ ልጅ ነበረች። ጠራዥ ናት፤ አባቷ የሚያትመውን እሷ ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ጠርዛ ታስረክባለች። የራሷ ቁልፍ ስላላት በሩ ተቆልፎ ማግኘቷ አላስደነቃትም። ግማሽ ድረስ ከፍታው ግን አንድ ነገር ከውስጥ ያዘው። ገፋ አደረገችው። የያዘው የአባቷ እጅ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ነው፤ ሬሳ አያስደነግጠውም። ዓይኑ የቀረው ወለሉ ላይ ነው። ከወረቀት መቁረጫው ማሽን እስከ በሩ ድረስ ስምንት እርምጃ ያህል ደምና ጥቁር ቀለም የተቀላቀለበት ጭረት ተዘርግቷል። ሽማግሌው ጭንቅላቱ በመቁረጫው ብረት ተፈልጦ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በክርኑ እየተንፏቀቀ መጥቶ በሩ ሥር ቀርቷል።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የተመታው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ወዲያው ግን አልሞተም። ሁለት ሰዓት፣ ምናልባት ሦስት ሰዓት ቆይቷል። ሰው ቢደርስለት ይድን ነበር።»

«ሰውማ ደርሶለት ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከውጭ ቆልፎበት ሄደ።»

የሟቹን ስልክ ሳጅኑ ቅርጫት ውስጥ፣ ከወረቀት ቁርጥራጭ ሥር አገኘው። ከልጁ የተደወሉና ያልተመለሱ አራት ጥሪዎች አሉበት። ሰው ተቆጥቶ ይማታል፣ ደንግጦም ይሮጣል። ይሄኛው ግን የሚያቃስት ሰው አጠገብ ቆሞ፣ የሚጮኸውን ስልክ ቆሻሻ ውስጥ ቀብሮ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ነው የወጣው።

«ጌታዬ፣ ይሄ የቆርቆሮ ሌባ ሥራ ነው» አለ ሳጅኑ። ነገር ቶሎ መጨረስ የሚወድ፣ ቀልደኛ ልጅ ነው። «ልጅቷ አንድ ፕሌት፣ ገጹ የተቀረጸበት የማተሚያ ሰሌዳ፣ ጎድሏል ትላለች። አልሙኒየም ነው፤ ቁራሌው ዓይኑን ሳያሽ ይገዛዋል።»

ኢንስፔክተሩ በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተደገፉትን አሮጌ ፕሌቶች በአገጩ አመለከተው። ሠላሳ ያህል ይሆናሉ።

«ሠላሳውን ትቶ አንዱን የሚመርጥ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?»

«እ… ወገቡን የሚያመው ከሆነ።»

«ዝም በል።»

ማተሚያ ማሽኑ ላይ ነጭ ወረቀት ተከምሯል። ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው ሲል ኢንስፔክተሩ በማስታወሻው ጻፈ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣ። ጠራዧ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች።

«እህቴ፣ የጎደለው ፕሌት የምን ነበር?»

«የትምህርት ቤቱ መጽሔት። የሃምሳኛ ዓመታቸው። ሁለት ፕሌት ነበር፣ አንዱ ለፊቱ፣ አንዱ ለጀርባው። የጠፋው የፊቱ ነው።»

«ፊቱ ማለት ሽፋኑ?»

«አይደለም።» ከኪሷ ደረሰኝ አወጣችና ሦስት ጊዜ አጠፈችው። «መጽሔቱ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። ሁሉም አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ነው የሚታተመው፤ በአንድ በኩል ስምንት፣ በሌላው ስምንት። ሲታጠፍና ሲቆረጥ ነው ገጽ የሚሆነው። አንድ ፕሌት የወሰደ ሰው ስምንት ገጽ ወሰደ ማለት ነው።»

«አባትሽ ቅዳሜ አትሞ ነበር?»

«እንጃ። ልጄ ታሞብኝ እስከ ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። ግን ያልተፈረመ አያትምም። የተፈረመው ማረሚያ መሳቢያው ውስጥ አለ።»

ማረሚያው ተገኘ። ከሥራው በፊት ደንበኛው እንዲያየው የወጣ የሙከራ ቅጂ ነው። በየገጹ ግርጌ ሁለት ፊርማ አለ፤ የመጽሔቱን ዝግጅት የሚመራው መምህርና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። ኢንስፔክተሩ የጠፉትን ስምንት ገጾች አንድ በአንድ ተመለከተ። ሽፋን። ገጽ አራት፣ የዳይሬክተሩ መልእክት፣ ከፈገግታው ጋር። ገጽ አምስት፣ «ልጄ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩ ለፎቶ የተተወ ባዶ ሳጥንና አጭር ጽሑፍ። ከዚያ የእግር ኳስ ውጤት፣ እንቆቅልሽ፣ ግጥም፣ ማስታወቂያ።

ገጽ አምስትን ቆሞ አነበበው። ከአራት ወር በፊት የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ግድግዳ ተደርምሶበት የሞተ የአራተኛ ክፍል ልጅ እናት ናት የምትናገረው። ግድግዳው ማዘንበሉን ገልጻ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስገብታለች። የሦስቱም ቀን ተጽፏል።

ጎረቤት ያለው ጎማ ጠጋኝ ሳይጠየቅ መጣ።

«ዓርብ ዕለት ያ መምህር እዚህ ሲጮህ ነበር። ‹ይሄ ገጽ እንዲህ ሆኖ ከቀረ እኔና አንተ አንተዋወቅም!› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ደግሞ ይስቅበታል።»

መምህሩ ከክፍል ተጠርቶ መጣ። ከሲታ ወጣት ነው፤ ጣቶቹ ላይ ቀለም አለ።

«ዓርብ ለምን ጮህክበት?»

«ፎቶው አልመጣም ነበር። ባዶ ሳጥን እንዳይወጣ ያለ ፎቶ እናሰናዳው አልኩት። ጋሼ ደግሞ ‹እናትየው አመጣለሁ ብላለች፣ እጠብቃታለሁ› አለ። ተናደድኩ። በዓሉ እየደረሰብን ነበር። እንጂ እኔ ጋሼን…»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

መምህሩ ወለሉን አየ።

«መምህር፣ የት ነበርክ?»

«ቤት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ሳጅኑ ቤት አከራዩን ሊጠይቅ ሄዶ በግማሽ ሰዓት ተመለሰ። መምህሩ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተኩል ወጥቶ ሲመሽ ነው የገባው። ይህ ሲነገረውም መምህሩ የት እንደዋለ ለመናገር እምቢ አለ። አለቃቸው በስልክ «እሰሩት፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ። ታሰረ።

ኢንስፔክተሩ ግን አልተዋጠለትም። ገጹን ጽፎ ያዘጋጀ ሰው ገጹን ለምን ይሰርቃል?

የዳይሬክተሩ ቢሮ ሽቶ ሽቶ ይላል። መስኮቱ ዝግ ነው። ዳይሬክተሩ ደልደል ያለ፣ ክራባቱ የማይጣመም ሰው ነው፤ በየመሀሉ ጠረጴዛውን በመሐረብ ያብሳል። ከፊቱ የተማሪ ማመልከቻ ተቀምጧል። እያወራ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል።

«አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ። ሠላሳ ዓመት አብረን የሠራን አታሚ ነው። መምህሩንም ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ግን ቶሎ ግንፍል የሚል ልጅ ነው። ምን ይደረጋል! ዛሬ ጣቢያ ሄጄ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙ አይፈረድበት።»

«እርስዎ ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ። ጉንፋን። ባለቤቴን ይጠይቋት።» ሳል አለ፤ ሳሉ ደረቅ ነበር።

«ገጽ አምስትን አንብበውታል?»

«እንዴታ! ረቡዕ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ቃል በቃል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አላለኝም። በሃምሳኛ ዓመታችን የሽንት ቤት ወሬ! ፊደሉ አንሷል፣ አንቀጹ ተንዛዝቷል፣ ልጁ ራሱ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ አንገቱ ገርበብ ብሎ። የደንብ ልብስ እኮ መታወቂያችን ነው። እንግዳ ምን ይላል? ግን ለሴትዮዋ አዝኜ ፈቀድኩ። ለመሆኑ መጽሔቱ አሁን ይቀራል አይደል?»

«ሽንት ቤቱን ማየት እችላለሁ?»

ዳይሬክተሩ ዘበኛ አብሮት ላከ እንጂ አልተከተለውም። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ አራት ወር ሙሉ፣ የወደቀው ጡብ እንደወደቀ ነው። ዝንብ ተሰብስቦበታል። ሕፃናት አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይዘው ፍርስራሹን እየተሻገሩ ወደቀረው ሽንት ቤት ይገባሉ። ፊት ለፊት ያለው የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ግን አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ግራና ቀኙም አበባ ተተክሎለታል።

«ጡቡን ለምን አላነሳችሁትም?» አለው ዘበኛውን።

«በጀት ሲለቀቅ ተብለን ነው ጌታዬ። አበባው ግን ለበዓሉ ደረሰ።»

ኢንስፔክተሩ ምሳ ሳይበላ ዋለ።

የልጁ እናት ልብስ ሰፊ ናት። አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ስለ አታሚው ስትሰማ እግሯ ከመርገጫው ላይ ቀረ።

«ቅዳሜ እኮ አብረን ነበርን! ስድስት ሰዓት ላይ ፎቶውን ወስጄለት። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ አላሳድርም አልኩት። ‹አያድርም እናቴ› አለኝ። እዚያው እንደቆምኩ በማሽን ቀዳው፣ ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት፣ ፎቶዬን መለሰልኝ። ‹አሁኑኑ ፕሌት አውጥቼ አትመዋለሁ› አለኝ። ደግ ሰው። እንደዚያ ያለ ሰው ይገደላል?»

«ፎቶውን ላየው?»

ከደረቷ አወጣችው፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እየሳቀ ነው። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ የለም።

«የሰው ልብስ ስሰፋ እየዋልኩ የልጄን ቁልፍ ሳልተክል» አለች እናትየው።

ኢንስፔክተሩ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው።

«ይሄን ፎቶ ማን አይቶታል? ከአታሚው በፊት?»

«ማንም። ከዚህ» ደረቷን ነካች «ወጥቶ አያውቅም። ክረምት ላይ የአክስቱ ልጅ ያነሳው ነው፤ ሸሚዙም ያን ዕለት ነው የተበጠሰው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሌላ ሰፋሁለት፤ ያንን ለብሶት ሄዶ አያውቅም።»

«ከማተሚያ ቤቱ ስትወጪ ለሰው ነገርሽ?»

«ለዳይሬክተሩ ደወልኩለት። ላመሰግነው። ስንት ጊዜ ረግሜው የለ? ፈርሞ ፈቀደ ሲሉኝ አፈርኩ። ‹የልጄን ገጽ ስለፈቀድክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹የትኛው ገጽ?› አለኝ።»

ኢንስፔክተሩና ሳጅኑ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለሱ። በሩ ላይ ጠራዧ እየጠበቀቻቸው ነበር፤ የአባቷን ካፖርት ልትወስድ ፈልጋለች። አስገባት። ካፖርቱን ከማሽኑ ጎን ካለው ምስማር ስታነሳ ዓይኗ የተከመረው ወረቀት ላይ አረፈ። ጠጋ አለችና የላይኛውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው።

«አባዬ አትሞ ነበር» አለች።

«ነጭ እኮ ነው።»

«ጀርባው ነው ነጩ።» ወረቀቱን ገለበጠችው። ስምንት ገጽ በአንድ ጊዜ ብቅ አለ፤ ግማሹ ቀና ያለ፣ ግማሹ የተዘቀዘቀ። በአንድ በኩል የዳይሬክተሩ ፈገግታ አለ፤ ከእሱ በላይ፣ ራስ ለራስ ተገናኝቶ፣ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ የለበሰው ልጅ። «አንዱ በኩል አልቆ ሲደርቅ ክምሩ ይገለበጥና ለሌላው በኩል ይቀመጣል። ሲያዩት ያልተነካ ወረቀት ነው የሚመስለው። አምስት መቶውም ታትሟል።»

«ይህን የማተሚያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል?»

«ሳምንት የሠራም ያውቃል። መምህሩም ያውቃል፤ ስንት ዓመት እዚህ ሲመላለስ!»

ፕሌቱን የወሰደው ሰው ገጹ እንዳይታተም ነው የፈለገው። የታተመው ክምር ግን አፍንጫው ሥር ነበር፤ ነጭ መስሎት ትቶት ሄደ።

ጣቢያ ሲመለሱ መምህሩ አግዳሚው ላይ ተኮራምቷል።

«ዳይሬክተሩ መጥቶ ነበር?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«አዎ። ብርቱካን አመጣልኝ።»

«ከብርቱካኑ ሌላስ? ስማ ወንድሜ፣ ጋሼ የምትለው ሰው ስምንት እርምጃ በክርኑ ተንፏቅቆ ነው የሞተው። ቅዳሜ የት ነበርክ?»

መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ዳይሬክተሩ ቤት። ልጁን ሒሳብ ሳስጠና። በግል ያስጠና መምህር ይባረራል የሚለውን ደንብ ያወጣው እሱ ነው። ለእሱ ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በር እገባለሁ። ዛሬም መጥቶ ‹ስለ ጥናቱ ትንፍሽ ካልክ ሥራህን እርሳው፤ ዝም ካልክ አስፈታሃለሁ› አለኝ።»

«ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነበርክ?»

«ከስምንት እስከ አሥራ አንድ።»

«እሱስ አልጋ ላይ ነበር?»

«የለም፣ ቤት አልነበረም። አሥር ሰዓት አካባቢ ገባ። ሰላም ሳይለኝ አጠገባችን ተቀመጠና የልጁን ደብተር ተቀብሎ በቀይ ማረም ጀመረ። ትክክለኛውን መልስ ሁሉ ይሰርዝ ነበር። ደክሞት መስሎኝ…» መምህሩ ቀና አለ። «እሱ ነው እንዴ? ኢንስፔክተር፣ እሱ ነው?»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን ዘጋ። ይህ መምህር ያሳዝናል፤ ያስጠላልም። እንጀራዬ ብሎ ዝም አለ፤ በዝምታው ለገዳዩ ከለላ ሆነ።

ዳይሬክተሩ ሲመጡበት አሁንም ጠረጴዛውን እየወለወለ ነበር። ኢንስፔክተሩ ማረሚያውን ከፊቱ ዘረጋ።

«ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ረቡዕ ቃል በቃል ያነበቡት ይህ ነው?»

«ነው አልኩዎት እኮ!»

«ቁልፍ የተበጠሰበት ሸሚዝ የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።»

ዳይሬክተሩ ባዶውን ሳጥን አየ። መሐረቡ እጁ ላይ ቀረ።

«ልጁን… በሕይወት እያለ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።»

«አልነበረም። ቁልፉ የተበጠሰው ክረምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ሸሚዝ ለብሶ ትምህርት ቤት አልመጣም። ፎቶው ማተሚያ ቤት የገባው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ። ያየው አታሚው ነው፣ ከዚያ ደግሞ ፕሌቱን የወሰደው ሰው። እርስዎ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በፊት ቤትዎ አልነበሩም። ይህን የነገረኝ ልጅዎን ሲያስጠና የዋለው ሰው ነው።»

ዳይሬክተሩ መሐረቡን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አላነበብኩትም» አለ በመጨረሻ። «ረቡዕ የእኔን ገጽ ብቻ ነው ያየሁት። ሌላው ላይ ዝም ብዬ ፈረምኩ። ሴትዮዋ ደውላ ስታመሰግነኝ ክው አልኩ። ሄጄ አውጣው አልኩት። ‹ታትሟል፣ ስምንት ገጽ አብሮ ነው የሚጣለው› አለኝ። የት አለ የታተመው? ቤቱ ውስጥ ያለው ነጭ ወረቀት ብቻ! ዓይኔ እያየ ዋሸኝ! እኔን! ፕሌቱ ላይ ደግሞ ያ ልጅ ከእኔ ፎቶ አጠገብ…»

ኢንስፔክተሩ ከማተሚያ ቤቱ ተውሶ ያመጣውን የታተመ ወረቀት ጥቅልል ፈታና ነጩን በኩል ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከዚያ ገለበጠው።

ዳይሬክተሩ አፉን ከፍቶ አየ።

«ታዲያ ለምን አላሳየኝም?»

«ሊያሳይዎ ወደ ክምሩ ሲሄድ ነው የገፈተሩት።»

«ሊመታኝ የዞረ መሰለኝ…»

«ሲያቃስት ይሰማዎ ነበር?»

«ትንሽ… ድምፅ ነበረው።»

«ስልኩስ?»

«ይጮህ ነበር። ሰው እንዳይሰማ ብዬ…» ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ ይህ ነገር ከበዓሉ በኋላ ቢሆን? ወላጆች ተጋብዘዋል። የትምህርት ቤቱ ስም አለ።»

ቀልደኛው ሳጅን ካቴናውን አወጣ። «ፕሌቱን የት አደረግከው?» አለው፤ እርስዎ ማለቱን ትቶታል።

«ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ።»

ፕሌቱን በረጅም መንጠቆ ሲያወጡት ኢንስፔክተሩ ጡቡ ላይ ቆሞ ነበር። ዘበኛው ውኃ አፈሰሰበት። ከአረንጓዴው እድፍ ሥር ልጁ እየሳቀ ብቅ አለ። ሳጅኑ ወደ ግድግዳው ዞሮ አስታወከ። ማንም አልሳቀበትም።

በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ምክትል ዳይሬክተር ማተሚያ ቤት መጣች። መምህሩ ተፈትቶ እዚያ ነበር። ኢንስፔክተሩም ለኤግዚቢት አንድ ወረቀት ሊወስድ መጥቷል፤ ከአምስት መቶው አንድ ይበቃዋል።

«ሥራው ይቁም» አለች ምክትሏ። «የዳይሬክተሩ ፎቶ ያለበት እንዴት ይበተናል? ቢያንስ የእሱን ገጽ አውጡት።»

«የእሱ ብቻ አይወጣም» አለች ጠራዧ። «አንድ ወረቀት ነው። እሱን ከጣልኩ ልጁንም እጥላለሁ። ሌላ ወረቀት የሚገዛ አለ? ፕሌትስ?»

ምክትሏ ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። «እንግዲህ ልጁም ቢሆን… ጊዜው አይደለም» አለች።

እናትየው ጥግ ላይ ቆማ ነበር፤ ጠራዧ ናት የጠራቻት። ወደ ጠረጴዛው መጣች። ጠራዧ ወረቀቱን ዘረጋችላት። እናትየው ፈገግ ያለውን ሰውዬና የሚስቀውን ልጇን አፈራርቃ አየች። ከዚያ የሰውየውን መልእክት፣ ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ አነበበች። «ለተማሪዎቻችን… ደኅንነት… ያለ እረፍት… እንተጋለን።»

«ሲታጠፍ የት ይሆናሉ?» አለች።

«ፊት ለፊት» አለች ጠራዧ ቀስ ብላ። «አራትና አምስት ነው። መጽሔቱ ሲዘጋ… ይገጥማሉ።»

«ፊቱ ልጄ ፊት ላይ ያርፋል?»

ጠራዧ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መምህሩ ፊቱን አዞረ።

«ይውጣ» አለች እናትየው። «ሦስቱ ደብዳቤ እዚያ አለ። ቀኑም አለ። አምስት መቶ ሰው ያንብበው።»

«አይከብድሽም?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ይከብደኛል።» ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ቤት ግን አይዘጋም። ገልጬ ነው የማኖረው።»

ጠራዧ ክምሩን አስተካክላ ማሽኑን አስነሳች። ነጩ በኩል ቀለም መቀበል ጀመረ፤ እናትየው ከጎኑ ቆማ አንድ በአንድ ሲያልፉ ታያለች። ሳጅኑ ለኤግዚቢቱ ፖስታ ከፍቶ ያዘ።

«ጌታዬ፣ ሁለቴ ካጠፉት ይገባል።»

«አይታጠፍም» አለ ኢንስፔክተሩ። ወረቀቱን ሰፋ አድርጎ ጠቀለለውና በብብቱ ይዞት ወጣ።